የግራው ቆዳ

እንደሻው በሐምሌ ሲሞት፣ ድንኳኑ ውስጥ ሦስቱን ቀን ሙሉ ከተቀመጡት ለቅሶኞች አሥራ አንዱ ከሐረሩ ጀጎል የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ኮፍያቸውን እንዳደረጉ፣ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ የእድሩ አግዳሚ ላይ በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ። ሲመጡም አብረው ነው፣ ሲሄዱም አብረው። የሰፈሩ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ እነሱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ዝም ይላሉ። ሴቶቹ "ምነው እነዚህስ ዕንባ አልፈጠረባቸውም?" ብለው ይንሾካሾካሉ፤ ሽማግሌዎቹም ለሞተ ሰው ይህን ያህል ጩኸት ምን ያደርግለታል በሚል ዓይን እርስ በርስ ይተያያሉ።

ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ቤዚ ከአዲስ አበባ ተመድባ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ከሟቹ ልጅ ከነፃነት ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። ለለቅሶኛው ውኃ ስታዞር ቆይታ ነፃነት ጆሮ ሥር ጎንበስ አለች።

"ዘመዶቻችሁ ናቸው?"

"የአባዬ የከበሮ ሰዎች ናቸው።"

"የምን?"

"በኋላ እነግርሻለሁ።"

መንገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ነፃነት ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ማንኛውንም ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ ደረጃ በደረጃ ማስረዳት ትችላለች። የአባቷን ነገር ግን ከየት ብትጀምር ሰሚው ይስቃል።

እንደሻው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። ነገሩ የተጀመረው ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት፣ ከጀጎሉ ኤረር በር ብዙም ሳይርቅ፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ ሲጠግን ነው። ከምሰሶው ሥር አንድ የወልይ፣ የቅዱስ ሰው፣ መቃብር አለ፤ የጀጎል ሰዎች እንዲህ ያለውን ቦታ አዋች ይሉታል። በቅጥሩ ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው በዜማ አላህን የሚያወድሱበት ዚክሪ ላይ ነበሩ፤ ከረቡ የሚሉት ትልቁ ከበሮ ይመታል፣ ከበል የሚሉት ጥንድ እንጨት ይጨበጨባል፣ ዜማው ይፈስሳል። እንደሻው ከላይ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ አዳመጠና አላስችል አለው።

"እናንተ ሰዎች! ያ ከበሮ እርጥበት አግኝቶታል! ቆዳው ተኝቷል!" ብሎ ጮኸ።

ሰዎቹ ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። ምሰሶ ላይ በቀበቶ የታሰረ ሰው ያያሉ። ከመካከላቸው የአዋቹ ጠባቂ ሐጂ አብዱልፈታ "በል ውረድና አስነሣው" አሉት። ወረደ። መፍቻውን ከወገቡ ሳይፈታ ተቀምጦ ጠፍሩን አንድ በአንድ ሳበው። ልጅ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሲጠፈር ቆሞ አይቷል እንጂ ይህን ያስተማረው ሰው የለም። ሲመቱት ከረቡው ነቃ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ አዋች ከረቡ በእሱ እጅ ሆነ። የመድኃኔዓለም ከበሮም እንዲሁ። ለሥራው የሚቀበለው ቆዳ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሌላው ሰው ካርታ ሲጫወት፣ ኳስ ሲያይ፣ እሱ ጓሮ ካለው የቆርቆሮ ቤት ገብቶ ቆዳ ይዘፈዝፋል፣ ይፍቃል፣ ይወጥራል። ሰፈሩ ውስጥ ከኋላው "ፋቂው" ይሉት ነበር። ሚስቱ በለጡ ይህን ቃል በሰማች ቁጥር ለሁለት ቀን ታኮርፋለች። ጀጎል ውስጥም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ሐሜቱ አልቀረለትም፤ ሊሰልም ነው ያሉ ነበሩ፣ ሰላይ ነው ያሉም ነበሩ። አንድ ጊዜ አንድ ዲያቆን መንገድ ላይ አስቁሞ "ጋሽ እንደሻው፣ እነሱ ሲዘክሩ እርስዎም አብረው ይወዛወዛሉ የሚባለው እውነት ነው?" አለው።

"እኔ የማውቀው ቆዳውን ነው፤ የሚዘክረውን ሰው ሄደህ ጠይቅ" ብሎት አለፈ።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ነገር ነበረው። ክርስቲያኑ የእስላም እርድ አይበላም፣ እስላሙም የክርስቲያን እርድ አይበላም፤ ሐረር ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እንደሻው ይህን ሕግ ከምግብ ጠረጴዛ አንሥቶ ቆርቆሮ ቤቱ ድረስ አስገባው። "ቢስሚላህ" ተብሎ የታረደ ከብት ቆዳ ለከረቡ፣ "በስመ አብ" ተብሎ የታረደ ለቤተ ክርስቲያን ከበሮ። በሁለት ግድግዳ ለይቶ ይሰቅላቸዋል። ነፃነት ልጅ ሳለች በሩ ላይ ቆማ ስታየው፣ እሱ ዱካው ላይ እንደተቀመጠ ወስፌውን እያወዛወዘ "የቀኙ የእኛ፣ የግራው የእነሱ፤ አንድ ቀን ብትነኪያቸው እጅሽን ነው የምወጥረው" ይላት ነበር። ትስቃለች። አትነካም።

አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ለአባቷ ግን እንደሚገባው አላለቀሰችም፤ ሰዉም አይቶታል። "አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ" እያሉ አቅፈው ወዘወዟት። አልወጣም። በድንኳኑ ውስጥ ደረት መምታት ሌላ ሰው የሚችለው ሥራ መሰላት። ጥቁር ለበሰች፣ ፀጉሯን ተቆረጠች፣ በዚያው ቀጥ ብላ ቀረች።

አርባው ከወጣ በኋላ አንድ ጠዋት ቆርቆሮ ቤቱን ከፈተች። የአዋቹ ከረቡ አፉ ባዶ እንደሆነ ተቀምጧል። በእያንዳንዱ ግድግዳ የቀረው አንድ አንድ ትልቅ ቆዳ ነው፤ ሌላው ቁርጥራጭ ነው። ለሐጂ አብዱልፈታ ስልክ ደወለችና "ከረቡውን እኔ እጨርሰዋለሁ" አለች። ሐጂ "አላህ ያግዝሽ" አሉ እንጂ አትችይም አላሉም።

በሩ ላይ ቆማ የግራውን ቆዳ አወረደች። ቤቱ ውስጥ የአባቷን ቦታ መያዝ ስላልደፈረች ሥራውን ወደ ጓሮ አወጣችው። በአመድ ውኃ ዘፈዘፈች፣ ጥቁሩን ፀጉር ፋቀች፣ ስትወጥር እጇ ተላጠ። ሁለት ጊዜ አበላሽታ ፈታችው። በሦስተኛው ተሳካ። አባቷ እንዴት ትከሻውን እንደሚያዘነብል፣ ጠፍሩን ሲስብ እንዴት ትንፋሹን እንደሚይዝ፣ ከዓይኗ ያልጠፋውን ሁሉ አደረገች። ዕንባዋ የመጣው ያኔ ነው፤ ጠፍር እየሳበች፣ ማንም ሳያያት፣ ሥራውን ሳታቆም።

ከረቡው ሁለት ሐሙስ ተመታ። ሥጋ ሻጩ ሪድዋን፣ ከረቡውን የሚመታው እሱ ነው፣ ስልክ ደውሎ "ወላሂ፣ ጋሽ እንደሻው አልሞቱም" አላት። ያን ቀን በክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረባት፤ ደስ ብሏት ነበር።

ጳጉሜን ሦስት ቀን ውጭ ዝናብ ስለነበረ ለመስቀል የሚደርሰውን የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ለመጀመር ወሰነች። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ስለዚህ የአባቷን ዱካ ጎትታ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች፤ እሱ ሁልጊዜ እንደሚቀመጠው። የቀኙን ቆዳ ልታወርድ እጇን ዘረጋች። ግድግዳው ባዶ ነው።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ቆዳው በግራዋ ተሰቅሏል።

ሃያ ስንት ዓመት በሩ ላይ ቆማ ነው ያየችው። የአባቷ ቀኝ የእሷ ግራ ነበር። ተማሪዎቿ እንዲህ ቢሳሳቱ ምን እንደምትላቸው ታውቃለች።

እናቷን ፍለጋ ወደ ማድ ቤት ሮጠች። "እማዬ፣ ለፋሲካ ከቅርጫው የመጣው ቆዳ ምን ዓይነት ነበር?"

በለጡ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። "ምን ዓይነት ይሆናል፣ ቆዳ ነው።"

"ፀጉሩን ማለቴ ነው።"

"ጥቁር። አባትሽ ራሱ አርዶ ራሱ ገፎ፣ በረንዳዬን ደም በደም አድርጎት ስጨቃጨቅ አልነበር? ምነው?"

ነፃነት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። "ከረቡው ላይ ያለው እሱ ነው።"

በለጡ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ነገሩ ሲገባት ጊዜ አልወሰደባትም፤ ቆዳውን ብትጠላም ከዚያ ቤት ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ኖራለች። "ጮኸ አይደል?" አለች።

"ጮኸ።"

"ወደዱት አይደል?"

"እማዬ…"

"ታዲያ ምንድን ነው? ከበሮ ሥጋ አይበላ! ጾም አይገድፍ! ማን ያውቃል? አንቺና እኔ። እኔ እንደሆነ አፌን ስፈልግ ነው የምከፍተው።"

"አባዬ ቢሆን ይናገር ነበር።"

"አባትሽ ቢሆን አይሳሳትም ነበር" አለች በለጡና ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። ሽንኩርቱን እንደገና ያዘች። "እንዲህ ማለቴ አይደለም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ 'ፋቂ' ተብሎ ያተረፈው አንድ ነገር ቢኖር ያንን መታመኑን ነው። አሁን ሄደሽ 'የክርስቲያን ቆዳ አለበስኳችሁ' ብትያቸው፣ እሱም ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ነው አይሉም ወይ? እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው።"

ይህ ነፃነትንም አስፈራት። ያን ሌሊት ግማሹን ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት ተነሥታ ስትለብስ ግን ሐሳቧ ቁርጥ ብሎ ነበር። ቀትር ሲቃረብ ቤዚ በር ላይ አገኘቻት።

"ወዴት ነው? ዛሬ እኮ የመምህራን ስብሰባ አለ።"

ነፃነት በአጭሩ ነገረቻት። ቤዚ አፏን ይዛ ሰማች።

"ይቅርታ አድርጊልኝና… አንቺ ኦርቶዶክስ ነሽ። ከበሮው የእስላም ነው። ቆዳው ደግሞ የከብት ነው። የትኛው ላይ ነው የተጨነቅሽው?"

"ሦስቱም ላይ" አለች ነፃነት። "ለስብሰባው አሟታል በይልኝ።"

"ምን አማት ልበል?"

"ቆዳ።"

አዋቹ ዘንድ ስትደርስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነበር። ሐጂ አብዱልፈታ ከሌሎች ሦስት አራት ሰዎች ጋር መደቡ ላይ ጫታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ሪድዋንም ሱቁን ለወንድሙ ትቶ መጥቷል። ከረቡው ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሁሉም ሲያዩዋት ቦታ ለቀቁላት።

"መርሐባ፣ የጋሽ እንደሻው ልጅ! ነይ፣ ከላይ ተቀመጪ" አሉ ሐጂ።

"አልቀመጥም ሐጂ። ከረቡውን ልወስደው ነው የመጣሁት።"

"ለመውሊድ ስድስት ቀን ቀርቶት?" አለ ሪድዋን። "ምን ሆነ ብለሽ? እኔ እኮ ከእሱ ጋር ተዋውቄያለሁ!"

"የተሳሳተ ቆዳ ነው ያለበስኩት። ለቤተ ክርስቲያን የተቀመጠውን ነው።"

ጫት የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ።

"ማን ያረደው?" አለ ሪድዋን።

"አባዬ። ለፋሲካ።"

"በስመ አብ ብለው?"

"ታዲያ ምን ብሎ ሊያርድ ነው?"

አንድ ጥግ ላይ የተቀመጡ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። "ያ አላህ! በሕይወት እያሉ 'እኔ የማውቀው ቆዳውን ነው' ብለው እምቢ ያሉ ሰውዬ፣ ከሞቱ በኋላ ሁለት ሐሙስ ዚክሪ ገቡ በሉኛ!"

ሌሎቹም ሳቁ። ሪድዋን ብቻ አልሳቀም፤ መዳፎቹን ገልብጦ ያያል።

ሐጂ አብዱልፈታ እጃቸውን አንሥተው ሳቁን አበረዱት። "ስሚኝ ልጄ። ጋሽ እንደሻው ከረቡውን በሠሩልን በመጀመሪያው ዓመት 'ቆዳው የማን እርድ ነው?' ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ፊታቸው ተለዋወጠ። 'ሐጂ፣ ይህን ሁለተኛ እንዳይጠይቁኝ' አሉኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም። ሌላም ሰው እንዲጠይቃቸው አልፈቀድኩም። አንቺንም አልጠየቅኩሽም።"

"ስላልጠየቁኝ ነው የመጣሁት" አለች ነፃነት። "ጠይቀውኝ ቢሆን፣ መልሼልዎት እገላገል ነበር።"

ሐጂ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ።

"ኪታብ ብንገልጥ ለዚህ መውጫ አናጣም" አሉ ወደ ሪድዋን ዞረው። "የመጽሐፍ ባለቤቶች ናቸው፣ እርዳቸው ለእኛ…"

"ኪታቡን እርስዎ ያውቃሉ ሐጂ፣ እኔ አልከራከርም" አለ ሪድዋን። "እኔ ቢላዋ ይዤ የምውል ሰው ነኝ። ሰው ከሱቄ የሚገዛኝ ማን እንዳረደው አምኖ ነው። እጄ አሁን አውቋል፤ ካወቀ በኋላ አይመታም። በነፃነት ተቀይሜም አይደለም። ለመውሊዱ ከሌላ አዋች ከረቡ እንዋስና ይሄኛው ቀስ ብሎ ይሠራ።"

ነፃነት ይህን ነበር የፈራችው። በመውሊድ ቀን፣ ከየአቅጣጫው ሰው በሚመጣበት ቀን፣ የአባቷ ከረቡ አፉን ዘግቶ ጥግ ላይ ሊቀመጥ ነው። ለምን ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱ በየመንደሩ ይዞራል፤ ሲዞር ደግሞ እናቷ እንዳለችው ሃያ ስምንቱን ዓመት ይዞ ነው የሚሄደው።

"አትዋሱ፣ ይደርሳል" አለች።

"በዚህ ዝናብ? ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ?"

"ይደርሳል አልኩህ። አንተ ግን አሁን ተነሥተህ አብረኸኝ ትመጣለህ።"

"እኔ? ምን ላደርግ?"

"የቀረውን ቆዳ አይተህ የእናንተ መሆኑን በዓይንህ ታረጋግጣለህ። እኔ ቀኝና ግራዬን ከሳትኩ በኋላ በቃሌ አታምኑኝም፤ አትመኑኝም።"

ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ "ሂድ እንጂ! አስተማሪ ናት፣ ታንበረክክሃለች" አሉት።

በለጡ ሪድዋን ከበሩ ሲገባ ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ተቀበለችው፤ ለመርዶ የመጣ ሰው እንደምትቀበል። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ሪድዋን ቆዳውን ወደ ብርሃን አወጣው። ቀይ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ እንደ ሐኪም ዳበሰው፤ አንገቱን፣ ሆዱን፣ ከዚያ የኋላ እግሩ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"ሻዕባን ላይ ለሰደቃ ያረድነው ነው። እዚህ ጋ ቢላዬ አመለጠኝ፣ ይኸውልሽ ጭረቱ። ያን ቀን አሞኝ ነበር።" ከዚያ ነፃነት ከከረቡው ላይ ቆርጣ ያወረደችውን የጥቁሩን ከብት ቆዳ አነሣው። በሁለቱም በኩል ገልብጦ አየው። "ይሄ ነው ጋሽ እንደሻው የገፈፉት?"

"እሱ ነው።"

"አንድ ጭረት የለበትም።" በለጡን ቀና ብሎ አያት። "እትዬ በለጡ፣ እኔ ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ባልዎ ሙያቸው ሽቦ ባይሆን ኖሮ እኔ ሱቄን ዘግቼ ነበር።"

በለጡ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሐምሌ ወዲህ ነፃነት እናቷ ስትስቅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የገፈፈበትን በረንዳ ባየኸው ይህን አትልም ነበር" አለች። እንጀራ አቅርቢለት ልትል ፈልጋ እንደገና አሰበች፤ በቤቱ ያለው ወጥ በሥጋ ነው፣ የክርስቲያን ሥጋ። ለስላሳ አስመጣችለት።

ቆዳው ሁለት ቀን አመድ ውኃ ውስጥ ቆየ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ እንቁጣጣሽ በዚያ ግቢ አልገባም፤ ጎረቤት አበባ ይዞ ሲዘፍን ነፃነት ጓሮ ተቀምጣ ቀይ ፀጉር ትፍቃለች። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል። አንዲት ጎረቤት "ምነው ልጄ፣ በዓመት በዓል ቀን?" አለች።

"ደረት ከምመታ ቆዳ ልምታ ብዬ ነው" አለቻት ነፃነት። ሴትዮዋ አማትባ ሄደች።

የዚያኑ ቀን ማምሻውን ወጠረችው። ሪድዋን ጭረት አለበት ያላትን ጎን ከአፉ ውጭ አደረገችው። መስከረም ሁለት ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ቆዳው በረንዳ ላይ እንደ እርጥብ አንሶላ ተንጠለጠለ፤ ጣቷን ስታሳርፍበት ይሰረጉዳል። ቤዚ የፀጉር ማድረቂያዋን ይዛ ወጣች።

"በዚህ ላድርቅልሽ? አምስት ደቂቃ ነው።"

"ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ በራሱ ነው የሚደርቀው።"

"ካልደረቀስ?"

"ይደርቃል።"

ቤዚ ማድረቂያዋን አቅፋ አጠገቧ ተቀመጠች። "ታውቂያለሽ፣ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ አባትሽን እፈራቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወስፌ ይዘው ሲወጡ… ለእናቴ ደውዬ 'አከራዬ አንድ ነገር ናቸው' ብያታለሁ።"

"አሁንስ ምን ትያታለሽ?"

"ልጃቸውም አንድ ነገር ናት እላታለኋ።"

በሦስተኛው ቀን ነፋስ ተነሣ። ነፃነት በየሁለት ሰዓቱ ጠፍሩን ትስባለች፤ ትንፋሿን ይዛ፣ ትከሻዋን አዘንብላ። በአራተኛው ቀን ጠዋት በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው፤ ቆዳው መለሰላት። ጥቁሩን አልጣለችውም፤ ለመድኃኔዓለም ከበሮ ጠባብ አፍ ይበቃል፤ ስሙ እንደተጠራበት ወደ ቦታው ይመለሳል።

የመውሊድ ዕለት ከሰዓት በፊት ባጃጅ ጠራች። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ አንገቷ ላይ ማተብ፣ ጭኗ ላይ ከረቡ። ባለባጃጁ በመስተዋቱ ሁለት ጊዜ አያት። ሸዋ በር ሲደርሱ ሦስተኛ አያት።

"እህቴ፣ ለቅሶ ነው ሠርግ?"

"መውሊድ ነው።"

ማተቧን አየ፣ ከረቡውን አየ። "እሺ" አለና ሬዲዮኑን ዘጋ።

አዋቹ በሰው ሞልቷል። ከድሬ ጠያራ የመጡ ገበሬዎች በአንድ በኩል፣ የጀጎል ሰዎች በሌላ በኩል፣ ሴቶቹ በቀለም በቀለም ልብሳቸው ከግድግዳው ሥር። ነፃነት ጫማዋን አውልቃ ገባችና ከረቡውን ሪድዋን ፊት አስቀመጠችው። እሱ መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በመዳፉ ሙሉ መታው። አንገቱን አዘንብሎ ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

"ከጋሽ እንደሻው ትንሽ ይቀጥናል" አላት።

"የእኔ ነዋ።"

ሪድዋን ፈገግ አለ። የሰማው ሰው ሁሉ ግን ደስ አላለውም። ወሬው ቀድሞ ወጥቷል። ከገበሬዎቹ መካከል አንድ ወፍራም ሰው ከመቀመጫው ሳይነሣ "ይሄ ነው ያ የተባለው? ቆዳው የማን እርድ ነው?" አለ፤ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማው።

ዜማውን ሊጀምሩ የነበሩት ወደ ሰውየው ዞሩ። ነፃነት መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ ቀኑን፣ ወሩን፣ የጭረቱን ቦታ ሳይቀር። ሪድዋንም አፉን ከፍቶ ነበር። ሐጂ አብዱልፈታ ቀደሟቸው።

"ወንድሜ፣ እንኳን ደኅና መጣህ" አሉ። "የመጣህበት ቤት ውስጥ ሰው ብዙ ነገር ይጠይቃል፣ እኛም እንመልሳለን። ይህን ግን ከሃያ ሰባት ዓመት ወዲህ እዚህ የጠየቀ ሰው የለም። አንተም አትጠይቅ። ሪድዋን፣ ምታ።"

ሰውየው ግራና ቀኙን አየ። የሚያግዘው አላገኘም። ሪድዋን መታ።

ከሴቶቹ መካከል አዴ ኸዲጃ፣ የሐጂ ባለቤት፣ ቦታ ለቀው ነፃነትን አጠገባቸው አስቀመጧትና ከበሉን ዘረጉላት። "ያዥ፣ አጨብጭቢ፤ የቤት ልጅ ነሽ።"

"ሐዘን ላይ ነኝ አዴ ኸዲጃ። የመጣሁት ለቆዳው ነው።"

አዴ ኸዲጃ አልተቀየሙም። ከበሉን ራሳቸው ይዘው ያጨበጭቡ ጀመር። ዜማው ከወንዶቹ ተነሥቶ ሴቶቹ ጋ ደረሰ፣ እዚያ ከፍ ብሎ ተመለሰ። ነፃነት ቃሉን አታውቀውም። ዓይኗን ከሪድዋን እጅ ሥር አላነሣችም። የእጁ ሙቀት ቆዳውን ሲያሞቀው፣ ድምፁ ሲሞላ፣ ከዳር በኩል ደግሞ አንድ ቦታ ላይ በጥቂቱ ላላ ሲል ሰማችው፤ ከሷ በቀር ያስተዋለው የለም። የመጀመሪያው ዜማ እስኪያርፍ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ፣ በተቀመጠው ሰው መካከል ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ አለፈችና ከረቡው አጠገብ ተንበርክካ አንዷን ጠፍር ትንፋሿን ይዛ ሳበቻት።

"አሁን ምታው" አለችው።